ኖር የማይባልበት አደባባይ

በምዕራብ ጎጃም፥ ከፍኖተ ሰላም ተነሥቶ ወደ ቡሬ የሚሄድ መንገደኛ በሚያልፍባት በማንኩሳና በዙሪያዋ ባሉት የገጠር አጥቢያዎች፥ ሽበት የያዘው ሰው ወደ ሰርግ ዳስም ይሁን ወደ ለቅሶ ቤት፥ ወደ ማኅበርም ይሁን ወደ ዕድር ጉባኤ ሲገባ፥ የሚያውቀውም የማያውቀውም ከመቀመጫው ብድግ ብሎ «ኖር!» ይለዋል፤ እርሱም «በእግዜር!» እያለ፥ በእጁ ተቀመጡ የሚል ምልክት እየሰጠ፥ ወደሚለቀቅለት ቦታ ያልፋል። ይህ ልማድ ከሌሎች የአክብሮት ሥርዓቶች የሚለይበት አንድ ጠባይ አለው፤ ይኸውም ገቢው ጻድቅ ይሁን ኃጥእ፥ ብልህ ይሁን ሞኝ፥ ባለጸጋ ይሁን ነዳይ ተመርምሮ እስኪታወቅ ድረስ የማይቆይ፥ ሕሊና አስቦ ሳይጨርስ ጉልበት ቀድሞ የሚፈጽመው መሆኑ ነው።

እንግዲህ በዚህ ልማድ ያደጉት ልጆች ዛሬ በኪሳቸው ይዘውት በሚዞሩት ሌላ አደባባይ፥ በፌስቡክና በቲክቶክ፥ በቴሌግራምና በዩቲዩብ ውለው ያመሻሉ። በዚያ አደባባይ ብድግ የሚባልበት መቀመጫ የለም፤ በበር የሚገባ ሰው የለም፤ ቃልና ምስል ይመጣል እንጂ ባለቤቱ አይመጣም። ስለዚህ በሰርግ ዳስ ውስጥ በታላቆች ፊት ቀና ብሎ ለመናገር የማይደፍረው ጎረምሳ፥ አያቱን ለሚያህል ሰው «ጃጅተሃል፥ ጡረታህን ይዘህ ቤትህ ተቀመጥ» ብሎ ይጽፋል፤ ጽፎም ፊቱ አይቀላም። ሰው ይህንን ሲያይ «ዘመኑ ከፋ» ብሎ ያልፈዋል። እኔ ግን ዘመንን መውቀስ ነገሩን ከመመርመር ለመሸሽ የሚያመች ሰበብ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም የሥጋው ጉልበት ብድግ ማለቱን ባቆመበት ቦታ ሕሊና ደግሞ ተቀምጦ ከቀረ፥ ያ የቀድሞው ክብር ራሱ ስለ ምን ይሰጥ እንደ ነበረ መጠየቅ ግድ ይሆናል።

በቲክቶክ ከሚዘዋወሩት ምስሎች አንዱን ዓይነት፥ ማንም ሰው አይቶት የሚያውቀውን፥ ቀረብ ብለን እንመልከተው። አንዲት አያት መደብ ላይ ተቀምጠው ጥጥ ይፈትላሉ፤ እንዝርቱን በጭናቸው ላይ አሹረው ሲለቁት ክሩ ከጣታቸው እየሳሳ ይወርዳል። ለበዓል ከከተማ የመጣው የልጅ ልጃቸው ስልኩን ፊት ለፊታቸው ደቅኖ «እማማ፥ እስቲ ኢንስታግራም በሉ» ይላቸዋል። እርሳቸውም እንዝርቱን እንደ ያዙ «ኢስታ… ምን አልከኝ፥ ልጄ?» ይላሉ፤ ልጁ ይስቃል፤ እርሳቸውም ያለ ጥርስ የቀረውን አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ሸፍነው አብረውት ይስቃሉ። ከልጅ ልጃቸው ጋር ብቻ የሚጫወቱ መስሏቸዋል። ከሥሩ ግን ብዙ ሺህ ሰው ተሰልፎ «በሳቅ ሞትኩ» ይላል፤ ሌላው «ሲያምሩ! ዕድሜ ይስጥልን» ይላል፤ ሌላውም ቀይ ልብ ይለጥፋል። የእኒያን እናት ፍትል ያየ፥ ያ ክር ስንት ቀን ተፈትሎ፥ ለማን ኩታ ወይም ጋቢ እንደሚሆን የጠየቀ አንድ ሰው እንኳ በመካከላቸው አይገኝም።

በዚህ ምስል ውስጥ ጥላቻ የለም። ይልቁንም ፍቅር አለበት ብዬ አምናለሁ፤ ነገሩንም አስቸጋሪ ያደረገው ይኸው ነው። ስድብን የሚያውቅ ሁሉ ስድብ ይለዋል፤ አረጋዊውን እንደ ሕፃን የሚያሻሽ ቸርነት ግን በጎ ሥራ መስሎ ያልፋል። አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ቤካ ሌቪ ከባልደረቦቿ ጋር ሆና ስለ አረጋውያን የተከፈቱ 84 የፌስቡክ ቡድኖችን መርምራ እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተመችው ጥናት፥ ከአንዱ በቀር ሁሉም አረጋውያንን በሚያዋርድ መንፈስ የተጻፉ ሆነው ተገኝተዋል፤ ከአራቱ ሦስት ያህሉ በግልጽ የሚሳደቡ፥ ከሩብ የሚበልጡት እንደ ሕፃን የሚቈጥሩ፥ ከሦስቱ አንዱን የሚበልጡት ደግሞ እንደ ገበያ መውጣት ካለ ተራ የአደባባይ ኑሮ እንኳ ይከልከሉ የሚሉ ነበሩ። የዓለም ጤና ድርጅትም በመጋቢት 2013 ዓ.ም. ባወጣው መግለጫ በዓለም ላይ ከሁለት ሰው አንዱ ለአረጋውያን የተዛባ አመለካከት እንዳለው ተናግሯል። ይህ የፈረንጅ ነገር ነው፥ እኛ ዘንድ ሽማግሌ ይከበራል የሚል ሰው፥ አንድ ሽማግሌ ስለ አገር ጉዳይ ቃል በተናገረ በማግሥቱ ከንግግሩ ሥር የሚጻፈውን ገልጦ ያንብብ።

የቀድሞው ክብር ስለ ምን ነበር ወዳልነው እንመለስ። ከፍኖተ ሰላም ብዙ በማይርቀው በደጋ ዳሞት ተቀምጦ የአማራን የርስት ሥርዓት ያጠናውና እ.ኤ.አ. በ1973 መጽሐፉን ያሳተመው አላን ሆብን እንዳስረዳው፥ በዚያ አገር መሬት የሚገኘው ከመጀመሪያው አቅኚ ከዋናው አባት በአባትም በእናትም በኩል ትውልድ በመቁጠር ነበር። ትውልዱን ደግሞ የሚቆጥረው መዝገብ ሳይሆን ሽማግሌ ነው። ሙግት በተነሣ ጊዜ ከዋርካው ሥር ተቀምጦ እገሌ እገሌን ወለደ፥ እገሌም እገሊትን ወለደ እያለ ሐረጉን የሚመዝዝ አንድ አዛውንት፥ የአንድን ጎልማሳ የዕድሜ ልክ እንጀራ በምላሱ ይዞ ነበር። በዚህ ላይ ምርቃቱ ይፈለጋል፤ እርግማኑ ይፈራል። እንግዲህ ያ «ኖር!» የሚለው ድምፅ ምን ያህሉ ከፍቅር፥ ምን ያህሉ ከፍርሃት፥ ምን ያህሉስ ከጥቅም ይወጣ እንደ ነበር ማን ይለያል? አባቶቻችንን ማማት አይሁንብኝና፥ ሦስቱም ነበሩበት።

የካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የመንግሥት ሆነ ተብሎ ሲታወጅ፥ የሽማግሌው የትውልድ ቆጠራ በአንድ ቀን ከሥራ ወጣ። በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል የመሬት ድልድል ሲደረግ ደግሞ «ፊውዳል» እና «ቢሮክራት» የተባሉት፥ አብዛኞቹ ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎች፥ ይዞታቸው ወደ አንድ ሄክታር ገደማ ወረደ። ቀጥሎ የይዞታ ደብተር መጣ፤ ከዚያም በኋላ የእህል ዋጋም የመድኃኒት ስምም ከስልክ የሚጠየቅበት ጊዜ ደረሰ። ከሽማግሌ እጅ ያልወጣ አንድ ነገር ቢኖር መሬቱ ራሱ ነው። ከ1989 ወዲህ እንደዚያ ያለ ሰፊ ድልድል ስላልተደገመ፥ ያን ጊዜ በእናቱ ጀርባ ታዝሎ የነበረ ልጅ ዛሬ ጎልምሶ፥ አግብቶ፥ ከአባቱ ላይ በምትቆረስ ቁራሽ ማሳ ላይ ያርሳል፤ ወይም የቀን ሥራ ፍለጋ አገር ጥሎ ይሄዳል። በእንዲህ ያለ ወጣት ልብ ውስጥ በሽማግሌ ላይ ቂም ቢያድር አልፈርድበትም፤ ቂሙ ግን በሕግና በጥበት ላይ ሊሆን ሲገባው በሽበት ላይ ያርፋል።

ለነገሩ በምስል እየቆራረጡ ሽማግሌን በአደባባይ ማዋረድ ቲክቶክ ያመጣው አይደለም። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ጆናታን ዲምብልቢ ያነሣውን የወሎን ረሃብ ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብዣ ምስሎች ጋር እያፈራረቀ አሳየ፤ በማግሥቱም ንጉሠ ነገሥቱ በአንዲት ትንሽ ቮልስዋገን ተጭነው «ሌባ! ሌባ!» እየተባሉ ተወሰዱ። ደርግ መሻራቸውን በተናገረበት አዋጅ ከጠቀሳቸው ምክንያቶች አንዱ ዕድሜያቸው ከ82 ዓመት በላይ ሆኖ ሰውነታቸውና አእምሯቸው ደክሟል የሚል ነበር። የረሃቡ መደበቅ ብቻውን ለክስ ይበቃ ነበር። እርጅናን ከክሱ ጎን ማሰለፍ ለምን አስፈለገ? ብዙ ጊዜ እንዳየሁት፥ የሰው ዕድሜ ወደ ክርክር የሚገባው ከሳሹ በማስረጃው ደስ ሳይለው ሲቀር፥ ወይም ከፍርዱ ይልቅ ማዋረዱ ሲጥመው ነው።

የታሪክ ነገር ሆኖ ያን ቀን የጮኹት ወጣቶች ራሳቸው አረጁ። ዛሬ በማኅበራዊ መገናኛው ላይ እንደ «ያ ትውልድ» የሚሰደብ የለም፤ ሰባና ሰማንያ ዓመት የሞላቸው የቀድሞ ተማሪዎች አንድ ቃል ሲናገሩ «አገር ያጠፋችሁ ሽማግሌዎች፥ አሁንም አልጠገባችሁም?» የሚል መልስ ይዘንብባቸዋል። ሥራቸው ሊመረመር ይገባል፥ እኔም ከብዙው ጋር አልስማማም፤ ይሁን እንጂ ያን ሁሉ ሲሠሩ ሽማግሌዎች አልነበሩም። ዋለልኝ መኮንን ስለ ብሔረሰቦች ጥያቄ በ1962 ዓ.ም. ያን ብዙ ያነጋገረ ጽሑፍ ሲጽፍ በሃያዎቹ አጋማሽ ላይ ነበር፤ ሠላሳ ዓመት ሳይሞላውም ሞተ። ሃያ ዓመት ሆኖት ስላደረገው ነገር አንድን ሰው ሰማንያ ዓመት ስለሞላው መስደብ ምን ዓይነት ፍርድ እንደሆነ የሚያስረዳኝ አላገኘሁም።

ወደ ሃይማኖቱ ስንገባ ነገሩ ይረቃል። በጎጃም አብያተ ክርስቲያናት የመቅደስ ግድግዳ ላይ ሠዓሊው ቅድስት ሥላሴን የሚሥለው በሦስት ሽበታም አረጋውያን አምሳል ነው፤ ነቢዩ ዳንኤልም በራእዩ ያየው ብሉየ መዋዕል ፀጉሩ የነጣ ነው፤ ቤተ ክርስቲያናችንም ኅዳር 24 ቀን በመንበሩ ዙሪያ ለሚያጥኑት ሃያ አራቱ ካህናተ ሰማይ በዓል ታደርጋለች። እንግዲህ ያ ጎረምሳ ከመቅደሱ ደጅ ቆሞ ለነጩ ጢም የሰገደበት ግንባሩ ገና አቧራው ሳይራገፍ፥ ከቅጽሩ ውጭ ስልኩን አውጥቶ በነጭ ጢም ላይ ይሣለቃል ማለት ነው። አያቱ «እንደ ማቱሳላ ዕድሜ ይስጥህ» ብለው ሲመርቁት ደግሞ «አሜን» ይላል። የለመነውን ነገር በሌላ ሰው ላይ ሲያየው ይስቅበታል።

ሆኖም ከዚህ ተነሥቶ ሽበት ሁሉ ጥበብ ነው፥ ሽማግሌ ሁሉ ቅዱስ ነው የሚል ሰው ቢኖር መጻሕፍት አይደግፉትም። ሶስናን በሐሰት የከሰሷት ሁለቱ የሕዝብ ፈራጆች ሽማግሌዎች ነበሩ፤ ሐሰታቸውን የገለጠው ገና ብላቴና የነበረው ዳንኤል ነው። በመጽሐፈ ኢዮብም ሦስቱ ታላላቅ ወዳጆች መልስ ባጡ ጊዜ የሚነሣው ወጣቱ ኤሊሁ፥ ዕድሜ ብቻውን ማስተዋልን እንደማይሰጥ ደፍሮ ይናገራል፤ ነገር ግን ከእርሱ ይልቅ በዕድሜ የገፉ ስለሆኑ ነገራቸውን እስኪጨርሱ ድረስ ታግሦ መቆየቱ ተጽፎለታል። ሽማግሌን መቃወም ኃጢአት አይደለም። የመቃወሚያው ወግ ነው የተጠየቀው።

እኔን እጅግ የሚያስገርመኝ ግን የመጽሐፈ ሲራክ ትእዛዝ ነው፤ ልጅ አባቱን በእርጅናው እንዲረዳው ካዘዘ በኋላ፥ የአባቱ አእምሮ ቢጎድል እንኳ እንዲታገሠውና እንዳያዋርደው ይጨምርበታል። ይህ ጭማሪ የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ነው። የዋሸራው የቅኔ መምህር ዓይናቸው ቢጠፋ እንኳ ተማሪው እጃቸውን ይዞ ይመራቸዋል፤ ቅኔው ከእርሳቸው ዘንድ ነውና ለዚህ ትእዛዝ አላስፈለገም። ርስት የሚቆጥረውን ሽማግሌ ለማክበርም ትእዛዝ አላስፈለገም፤ ሆድ ራሱ ያዝዛል። ትእዛዝ የሚያስፈልገው ጥቅሙ ላለቀበት፥ ነገር ለሚደጋግመው፥ የልጁን ስም ለሚረሳው፥ በእውነት ለጃጀው ሰው ነው። ጎረምሳው «ጃጅተሃል» ብሎ ሲሰድብ ክብርን የሚያስቀር ምክንያት ያገኘ መስሎታል፤ እንደ ሲራክ ከሆነ ግን ክብሩ ከነዕዳው የሚጀምርበትን ቦታ ነው ያመለከተው።

እንደዚሁም የኖኅ ታሪክ አለ። ኖኅ ወይን ጠጥቶ ሰከረ፥ በድንኳኑም ውስጥ ዕርቃኑን ሆነ። ሐሜት አይደለም፥ የታየው ሁሉ እውነት ነበር። የካም በደል ሐሰት መናገር ሳይሆን፥ ያየውን ወደ ውጭ አውጥቶ መናገር ነበር፤ በዛሬው ቋንቋ ፖስት አደረገው። ሴምና ያፌት ልብስ በጫንቃቸው ላይ አድርገው፥ ወደ ኋላቸው እየሄዱ ገብተው ሸፈኑት። አባታችን አልሰከረም ብለው አልተከራከሩም። ባላገሩ ገበና የሚለው ይህንን ነው፤ የእኒያ ጥጥ ፈታይ እናት ጥርስ አልባ ሳቅም ገበና ነበር፤ ለልጅ ልጃቸው የሳቁትን ሳቅ ለማያውቁት ሺህ ሰው አልሳቁትም።

አሁን ወደ በጎው ወገን ልለፍ፤ እዚያም ጥያቄ አለኝና። ማኅበራዊ መገናኛ ለአረጋውያን ከስድብ በቀር ምንም አላመጣም ማለት ውለታ መካድ ነው። ቢኒያም በለጠ የመሠረተው የመቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል በ2017 ዓ.ም. በዩቲዩብ ቀጥታ ሥርጭት ከሀገር ውስጥም ከውጭም በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ብር አሰባስቧል። ይህ ትልቅ ምሕረት ነው፤ የወደቀን ማንሣት የሚወቀስበት ሃይማኖት የለም። የሚያሳስበኝ፥ አንድ ወጣት በስልኩ ላይ የሚያያቸው አረጋውያን ሁለት ዓይነት ብቻ ሆነው መቅረታቸው ነው፤ የሚሣቅባቸውና የሚለቀስላቸው። የሚሠራ፥ የሚያስብ፥ የሚያሳስት፥ የሚቆጣ፥ ገና ያልጨረሰ ሽማግሌ በመካከል ጠፋ።

የማንኩሳን ስም በመላ ኢትዮጵያ ያስጠራው ሰው ለዚህ ምስክር ይሆነናል። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1902 ዓ.ም. ተወልደው፥ ታሪኩ ከማንኩሳ የሚነሣውን «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በ1958 ዓ.ም. አሳተሙ፤ ብዙ አንባቢ ከዚያ ወዲያ ያሉትን ዓመታት እንደ ጡረታ ይቆጥራቸዋል። «የልም እዣት» ግን የታተመው በ1980 ዓ.ም. ነው፤ «ትዝታ»ም በ1985 ዓ.ም.፥ ደራሲው ሰማንያን ከተሻገሩ በኋላ። በ1996 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስ ፌስቡክ የሚባል ነገር በአገራችን አልነበረም፤ ቢኖር ኖሮ «ትዝታ» በወጣ ቀን ከሥሩ ምን ይጻፍ እንደ ነበር መገመት ይቻላል።

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. የኮሮና ደዌ ዓለምን ሲይዝ፥ በምዕራቡ ዓለም ትዊተር ላይ ደዌውን «ሽማግሌ ጠራጊ» ብለው የሚቀልዱ ወጣቶች ተነሥተው ነበር። በዚያው ዓመት በሰኔ በአዲስ አበባ ቤተሰቦቻቸው 114 ዓመታቸው ነው ያሏቸው አንድ መነኩሴ ከዚያው ደዌ ድነው ከሆስፒታል ወጡ፤ ወሬውም በዓለም ሁሉ ተሰማ። በአገራችን ሕዝብ ደስታ ኮራሁ፤ ቢሆንም መነኩሴው የተወደዱት እንደ ተአምር እንጂ እንደ ሰው አልነበረም፥ ከአራት ቀን በኋላም ተረሱ። ሕጉም ከዚህ የተሻለ ትዝታ የለውም፤ የጥላቻ ንግግርን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ብሔርን፥ ሃይማኖትን፥ ዘርን፥ ጾታንና አካል ጉዳትን ሲዘረዝር ዕድሜ ከዝርዝሩ ውስጥ የለም። ይጨመር ብዬ አልሟገትም፤ «ኖር» ማለትን ፖሊስ አያስተምርም።

የሚቀረው የሴምና የያፌት ጉዳይ ነው። እነዚህ ልጆች አባታቸውን ስለሚያከብሩ ከድንኳኑ ውጭ ቆመው አልቀሩም፤ ገብተዋል። ይህንን የማነሣው አረጋውያን በዚህ አዲስ አደባባይ ንጹሓን ስላልሆኑ ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2016 ምርጫ ጊዜ በፌስቡክ የተጋሩትን የሐሰት ዜናዎች የመረመሩ ሰዎች፥ ከ65 ዓመት በላይ የሆኑት ከወጣቶቹ ሰባት እጥፍ ያህል የሚበልጥ ማሰራጨታቸውን አግኝተዋል። በእኛም ቤት የዘመድ የቴሌግራም ቡድን ያለው ሁሉ ያውቀዋል፤ ገና ጎሕ ሳይቀድ አባት አንድ ቅጠል ስኳርን ከሥሩ ይነቅላል የሚል የድምፅ መልእክት ለሁሉም ይልካሉ። አንዱ ልጅ መልእክቱን ቀድቶ «አባቴ ዛሬም ጀመረ» ብሎ ለባዕድ ያስቅበታል። ሁለተኛው ከአባት ጋር አይከራከሩም ብሎ ዝም ይላል፤ የስኳር ሕመም ያለባት አክስቱ መድኃኒቷን ትታ ቅጠሉን ብትቀቅልስ? ሦስተኛው ይደውላል። «አባባ፥ ያ የላኩት ነገር ሐሰት ነው፤ ሰው ይጎዳል፥ ያጥፉት» ይላል። አባትም «አንተ ደግሞ እኔን ልታስተምረኝ ነው?» ብለው ይቆጣሉ፤ እርሳቸው የሚያውቁትን ሐኪም ይጠቅሳሉ፥ ልጁም የሚያውቀውን ይጠቅሳል። ምናልባት ያጠፉታል። ካላጠፉትም ልጁ ከዚያው ከቡድኑ ውስጥ፥ ስማቸውን ሳያነሣ፥ እርማቱን በጨዋ ቃል ይጽፋል፤ ሙግቱም ለእሑድ ቡና ይተላለፋል።